ባዶው ፓኬት

ቺፑ የተተከለበት መሞከሪያ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠውን አረንጓዴ የበቆሎ ቺፕስ ፓኬት ማንም አይነካውም። ስሙ «ጨዋ ሁን» ማለት ነው። እኛ ታይዋን፣ ሺንቹ ከተማ ውስጥ ማሽን እንዳይረብሽ ከተፈለገ አናቱ ላይ እሱ ይቀመጥበታል። ቀይ አይሆንም፣ ቢጫማ ጭራሽ። ጊዜው ያለፈበትም አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን አይከፈትም። እኔ ኮድ መጻፍ በአባቴ የሞተር ብስክሌት ጋራዥ ጥግ ለራሴ ያስተማርኩ ነኝና በባልደረቦቼ ዲግሪ እንደምስቀው ሁሉ በፓኬቱም እስቃለሁ። ግን አልነካውም።

ሥራዬ ድራይቨር ነው። ድራይቨር ማለት ደላላ ነው። በአንድ ወገን የኮምፒውተሩ ሥርዓት፣ በሌላ ወገን ለየመልእክቱ አሻራ፣ ማለትም የራሱን መለያ ቁጥር፣ የሚያወጣው የምስጢር ቺፕ፣ እሱ መሀል ቆሞ ያቀባብላል። የእኛ ደላላ ግን የተሰጠውን ሳያይ የሚያሻግር ዝርክርክ ነበር። መልእክቱ በልኩ ተቆርጦ ከመጣ ደህና፣ ተርፎ ወይ ጎድሎ ከመጣ ግን አሻራው የተሳሳተ ይወጣል። የኮምፒውተሩን ሥርዓት የሚያስተዳድሩት ሰዎች ቁርጡን ነግረውናል፤ ፈተናውን በሙሉ ካላለፈ ድራይቨሩ ከሥርዓቱ ይሰረዛል። ያን ቀን ከሰዓት አለቃ ጂየን ይወስናሉ፦ ወይ የኔ እርማት ይላካል፣ ወይ እህት የምላት ባልደረባዬ ዋን-ሩ ዓመታት የደከመችበት ቺፕ በሩ ተዘግቶበት ዕድሜ ልኩን ሥራ ፈት ይሆናል።

እስከ ምሳ የሚተርፈውንም የሚጎድለውንም አስተካከልኩ።

«እህት ዋን-ሩ፣ ቺፕሽን መራመድ አስተማርኩልሽ።»

«የሚራመደውስ ምላስሽ ነው። ይልቅ ፈተናውን አስኪጂው» አለች፣ የምሳ ሣጥኗን ከፍታ የአሳማ ጥብሷን እያየች።

አስኬድኩት። አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ስህተት ቢያወጣ እንኳ ደግ ነበር። ዝም ነው ያለው።

አለቃ ጂየን ከወንበራቸው ተነሡ። «ፓኬቱን ማን ነካው?»

«አለቃ፣ እባክዎ! ቺፕ ቺፕስ አይበላም።»

«ትንሿ ሊያዎ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ማሽን አባብል ነበር» አሉና ፓኬቱን አነሡት። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ቀሎኛል!» ገለበጡት። ሥሩ ተቀድዶ በፕላስተር ተለጥፏል። በአየር ተነፋ እንጂ ውስጡ ፍርፋሪም የለ።

እህት ዋን-ሩ ማኘኳን አቆመች። «ባለፈው... ሱቁ ተዘግቶብኝ... ደግሞስ የልጇን የምትቀምስ እናት አላያችሁም?»

«አንቺ ነሻ! ይኸው በረሃብ ገደልሽው!» ጃኬታቸውን አንጠልጥለው አዲስ ሊገዙ ወደ ነፋሱ ወጡ። «ሳልመለስ እንዳትነኩት!»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ፓኬቱን አንሥቼ አገላበጥኩት። ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ዙሪያው ተዘግቷል፤ ውስጡ ምንም። ሳቄ ተቋረጠ። የቆመው የትኛው ፈተና ላይ ነው? ስክሪኑን አየሁ። ርዝመቱ ዜሮ የሆነ መልእክት።

«ቺፕሽ ጀምር ሲሉት ምን ያደርጋል?»

«የመልእክቱን የመጀመሪያዋን ባይት ይጠብቃል።»

«ካልመጣችስ?»

«ይጠብቃላ! ጨዋ ነው።»

ደላላው ባዶ ጆንያ ተቀብሎ «መዝን» እያለ ያቀብለዋል ለካ።

«እንግዲያው መመሪያው ላይ ባዶ አትላኩ ብለን እንጻፍ» አለች።

«በር ላይ አታንኳኩ ብሎ እንደመጻፍ ነው። ባዶ ፋይል የሌለው ማን አለ? ቺፑ ይስተካከላል?»

«ተሠርቶ ያለቀ ነገር! በጥፍሬ ልፋቀው?»

«በቃ፣ ደላላው ራሱ ይመልስ። የባዶ መልእክት አሻራ መቼም አይለወጥም፣ የታወቀ ነው። ባዶ ሲመጣ እሱን ሰጥቶ ይሸኛል።»

መብራቱ ጠፋ። የምሳ እንቅልፍ ሰዓት ነውና መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ ደፋ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትከሻዬ ላይ አጎንብሳ በሹክሹክታ ትጨቀጭቀኛለች።

«ፍተሻው ከ'ጀምር' በፊት ይግባ። ቺፑ አንዴ ከነቃ አይሰማሽም።»

ልክ ነበረች። ይህን አምኖ መቀበል ግን ሞት ነው። «ልጽፈው ስል ነው የቀደምሽኝ» አልኳትና መስመሩን ወደ ላይ አወጣሁት።

ፈተናውን አስነሣሁት። ባዶው ላይ ሲደርስ ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን። አለፈ። ከሱ በኋላ ያሉትም ተከታትለው አለፉ። የመጨረሻው ሲያልፍ መብራቱ በራ፤ አለቃ ጂየን ፀጉራቸውን ነፋስ አንጨባርሮት፣ አረንጓዴውን ፓኬት ደረታቸው ላይ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጠብቁ አላልኩም?»

«አልፏል፣ አለቃ።»

«ያለ ፓኬት?»

«በባዶው ፓኬት።»

ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ አዲሱን ፓኬት በሁለት እጃቸው ሰሌዳው ላይ አሳረፉ። «ላኪው» አሉኝ።

ከእርማቱ ግርጌ ስሜን ጻፍኩ። ከሱ በላይ «ስህተቱን ያገኘችው» ከሚለው ጎን የዋን-ሩን ስም አስገባሁ።

«እኔ ቺፕስ በላሁ እንጂ ምን አገኘሁ?»

«እንዴት እንዳገኘሽው በዝርዝር ልጻፍ?»

«ተዪው! ተዪው!»

ላክሁት። አለቃ ባዶውን ሊጥሉ ሲሉ ከእጃቸው ነጥቄ ከስክሪኔ በላይ ለጠፍኩት። እሱ እንግዲህ የባዶው መልእክት ፈተና ነው፣ አይጣልም። እሳቸው ደግሞ አዲሱ ፓኬት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉበት፦ «የማሽኑ ነው። ይህ ዋን-ሩን ይመለከታል።»