ወሬው ከየት ተነሣ

ቦምቦሊኖ ጠባሹ ኸሚስ ልጁን ኡልፋን ወደ ቱኒስ እንደማይልክ ለኬፍ ከተማ ሰው ሁሉ ነግሮ ጨርሷል፤ ለራሷ ለኡልፋ ብቻ ነበር ያልነገራት። ሲያዩት ግስላ ይመስላል እንጂ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጅቷን ማስከፋት አይሆንለትም። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና፣ ባካሎሪያው ሲቃረብ ግን አንድ ጠዋት፣ ዘይቱ እስኪግል ድረስ ነገሩን አፈረጠው።

"የምትማሪውን እዚሁ ተማሪ። ቱኒስ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ የገባች ልጅ መመለሻም የላት። በቀደም አንዷ ጠፍታ ቀረች አሉ።"

ሕግ ለመማር ቱኒስ ቱኒስ ስትል የኖረች ልጅ ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ትክ ብላ አየችው።

"ማን አለ፣ ባባ?"

"ሰው ነዋ!"

"የትኛው ሰው?"

ይህ የፍልስፍና አስተማሪዋ የማዳም ዘኪያ ሥራ ነው። ሌላው አስተማሪ ለፈተና የተዘጋጀ ድርሰት ሲያስሸመድድ፣ ይህች ሴትዮ የሰጠችው የቤት ሥራ ጉድ ነው፤ የሰፈር ወሬ ያዙና በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ ተከተሉት አለቻቸው።

"ፀጉር አስተካካዩ ሙንሲፍ ነው የነገረኝ። በቃሽ?" አለ ኸሚስ።

አልበቃትም። አመሻሹ ላይ፣ መጥበሻውን ሲያጥብ መጣች።

"ሙንሲፍ ከታክሲ ነጂው ከበሺር ሰማሁ አለኝ።"

"አላልኩሽም? በሺር ቱኒስ ሲመላለስ የሚውል ሰው ነው።"

"እሱንም ጠየቅሁት። 'ከአባትሽ ነው የሰማሁት፣ ኸሚስ ደግሞ አይዋሽም' አለኝ።"

ኸሚስ እጁ ውሃው ውስጥ ቀረ። ትዝ አለው። በክረምቱ በሺር ቦምቦሊኖ እየጠበቀ ስለ ኡልፋ ሲጠይቀው፣ እሱ ራሱ፣ እዚያ ማደሪያ ልጅ ብትጠፋ ማን ይፈልጋታል ብሎት ነበር። ያችው ጭንቀቱ ከተማውን ዞራ፣ አድጋና ወፍራ ተመለሰችለት። እሱም እንደ እንግዳ ተቀበላት።

ኡልፋ አልሳቀችበትም። አጠገቡ ተቀመጠች።

"ማዳም መጨረሻ ላይ የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ አለች ብላናለች። ይህን ያለው ሰው ምን ፈርቶ ነው? ትላለች።"

ኸሚስ እጁን ከውሃው አወጣ።

"ቤቱን ነዋ፣ የኔ ልጅ። እናትሽ ሄደች። አንቺም ስትሄጂ ማታ በሩን ከፍቼ ማንን ልጥራ?"

ኡልፋ እንባዋ መጣ። "ይህን ብትነግረኝ ኖሮ እቀርልህ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ። ወሬውንስ ትረቺዋለሽ፤ ይኼን ግን አትረቺውም።" እጁን በሽርጡ ጠርጎ ራሷን ደባበሳት። "ትሄጃለሽ። እኔ እለምደዋለሁ።"

እንደማይለምደው ሁለቱም ያውቁ ነበር። ኡልፋ ግን በምን አወቅህ ብላ አልጠየቀችውም።