ሰነፉ ሰርቨር

በሆስፒታላችን አለቃዬን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ «ዜሮ ሰከንድ» ነው የምንለው። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ «የኔ ሲስተም የሚቋረጠው ለዜሮ ሰከንድ ነው» የምትል ነገር ከአፉ ወርዳ አታውቅም። ሰው ሲያገባም ሲወልድም፣ እንኳን ደስ ያለህ ከማለቱ በፊት ይቺኑ ይነግረዋል። ሲስተሙን የተከልኩት እኔ መሆኔን ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ነገሩ ቀላል ነው። የታካሚዎች መረጃ፣ የቀዶ ጥገናው ወረፋ ጭምር፣ አንደኛው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው መንታው ነው፤ አንደኛው ላይ የሆነውን ሁሉ ወዲያው ይገለብጣል፤ አንደኛው ቢሞት ቦታውን ይይዛል። ችግሩ መንታው የራሱ ሐሳብ የለውም። ጻፍ ሲሉት ይጽፋል፣ አጥፋ ሲሉትም ያጠፋል። ስለዚህ ማዶ ባለው ሕንጻ ምድር ቤት ሦስተኛ ሰርቨር አስቀመጥኩ። እሱ የሆነውን ሁሉ የሚሰማው ሆን ተብሎ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው። አንዱ ቂል ከላይ የማይጠፋ ነገር ቢያጠፋ፣ ወሬው እሱ ዘንድ ሳይደርስ አስቁመን ያልጠፋውን እንቀዳለን ማለት ነው። የየዕለቱን ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂውን፣ ዜሮ ሰከንድ «መንታ እያለኝ ባክአፕ ለምኔ!» ብሎ ካስቀረው ወዲህ የቀረን መዳኛ ይኸው ብቻ ነበር።

የቦርዱ ሰብሳቢ ልትጎበኘን በቀጠረችበት ቀን ጠዋት፣ ዜሮ ሰከንድ አዲስ ኮት ለብሶ መቆጣጠሪያው ስክሪን ፊት ተገተረ። ለየሰርቨሩ አንድ ምልክት፦ ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ።

«ይሄ ቀይ ምንድነው?»

«ሦስተኛው ነው። ስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው።»

«ስድስት ሰዓት! ማርፈድ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ።»

«ሆን ተብሎ ነው እኮ፤ አስረድቼዎት ነበር። ስህተት ቢፈጠር...»

«እኔ ክፍል ውስጥ ስህተት አይፈጠርም! መብራት እያበላሁ ማሽን አላስተኛም። እንግዳዋ ሳትመጣ ከእኩዮቹ አድርሺው። አረንጓዴ ሆኖ ልየው።»

«አለቃ፣ ያኔ መመለሻ አይኖረንም።»

«መመለስ ማን ፈለገ? እኛ ወደፊት ነው የምንሄደው!» አለና ክንዱን ዘረጋ። የጠቆመው መጸዳጃ ቤቱን ነበር።

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ስለ ሆስፒታሉ አይደለም ያሰብኩት፤ ስለ አክስቴ ነው። ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችኝ። የዓይን ሞራ ከጋረዳት ወዲህ መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። የአንዱን ሱሪ ሁለት እግር አንድ ላይ ሰፍታ ከሰጠችው በኋላ ደንበኞቿም ተራ በተራ ሸሿት። እኛው ሆስፒታል ለቀዶ ጥገና ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቃ ተራዋ ከነገ ወዲያ ነበር። ያ ወረፋ ቢጠፋ ማን ማንን እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም፤ እንደገና ሀ ብላ መጀመሯ ነው።

ስለዚህ ማሽኑን አልነካሁትም። የነካሁት ቀለሙን ነው። ስድስት ሰዓት የዘገየም ቢሆን በአረንጓዴ እንዲታይ ስክሪኑን አስተካከልኩት። ዜሮ ሰከንድ ከስክሪን ላይ ቀለም እንጂ ቁጥር አንብቦ አያውቅም።

«አየሽ?» አለኝ ተመልሶ ሲመጣ። «ሰነፍ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ነው።»

ከዚያም እንግዳዋን ከበር እንድቀበል ላከኝና ራሱ ኪቦርዱ ላይ ቁጭ አለ። ለሙከራ ብሎ ወረፋው ውስጥ የከተታቸውን የውሸት ታካሚዎች ሊያጠፋ ነው፤ ስማቸው «ሀሀሀ» እና «ሙከራ ሁለት» ነበር። በኋላ ከማሽኑ እንዳየሁት፣ «አጥፋ» ብሎ አዘዘ፤ የትኞቹን እንደሆነ ግን መጻፍ ረሳ። መረጃውን የያዘው ዳታቤዝ ደግሞ «የትኞቹን፣ ጌታዬ?» ብሎ አይጠይቅም። «ተፈጽሟል» ብሎ መለሰለት፣ በአረንጓዴ።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጡረተኛ ሐኪም ናት። ገና ሳትቀመጥ ዜሮ ሰከንድ «ሰከንዱን ይቁጠሩ፣ እመቤቴ!» አላትና አንደኛውን ሰርቨር ዘጋው። መንታው እዚያው ተረከበ። እውነት ለመናገር አማረበት፤ አንዲት ሰከንድ አልባከነችም።

«ደግ» አለች መነጽሯን እያወረደች። «እስቲ የቀዶ ጥገናውን ወረፋ አሳየኝ።»

ከፈተላት። ባዶ።

«ምነው? በሽተኛው ሁሉ ድኖ አለቀ?»

ዜሮ ሰከንድ ሳቀ፤ ብቻውን። ዘግቶ ከፈተው፤ ባዶ። በሌላ ስክሪን ሞከረው፤ እዚያም ባዶ። ባዶው ወረፋ አንዳች ሳይቋረጥ፣ አንዳች ሳይንቀራፈፍ፣ በየክፍሉ ባለ ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ይታይ ነበር።

ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ጎተተኝ።

«ሦስተኛው... ሦስተኛው ስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው አላልሽኝም?»

«ከእኩዮቹ አድርሺው አሉኝ እኮ።»

«አደረስሽው?»

«እርስዎ አዘው!»

«እባክሽ፣ እህቴ።» ከተዋወቅን ጀምሮ እህቴ ብሎኝ አያውቅም። «እባክሽ አልታዘዝኩም በይኝ።»

መንታው ቢሆን ወዲያው ይመልስለት ነበር። እኔ ግን ሙያ የቀሰምኩት ከሦስተኛው ነው፤ ትንሽ ቆየሁ። ላቡ ከግንባሩ ወደ አዲሱ ኮሌታ ሲወርድ ተከታተልኩት።

«አልታዘዝኩም» አልኩት በመጨረሻ።

ሊስመኝ ሲንደረደር ወደኋላ አልኩ።

ሦስተኛውን አስቆምኩት። የጠዋቱን ሥራ ቀስ እያልኩ አስነበብኩትና «አጥፋ» የምትለዋ ትእዛዝ ደጃፍ ላይ ስደርስ ገታሁት። ወረፋው ሙሉውን እዚያ ነበር። አክስቴም በቦታዋ ናት፣ ከ«ሀሀሀ» ቀጥላ። ወረፋውን ወደ መንታው መለስኩት። «ሀሀሀ»ንም በእጄ አሰናበትኩት፤ አክስቴ አንድ ተራ ተጠጋች።

በማግስቱ ቦርዱ ዜሮ ሰከንድን «ሲስተሙን ከአደጋ በመታደግ ላሳየው ብቃት» ሸለመው። እኔም ስክሪን አጭበርብረሻል ተብዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የፈረመው እሱ ነው። አሁን በየስብሰባው ስለ «ስልታዊ መዘግየት» ያስተምራል። ራሱም አርፍዶ እየገባ «ሆን ተብሎ ነው» ይላል።

የአክስቴ ፋሻ የተነሳ ዕለት አጠገቧ ነበርኩ። ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ ትክ ብላ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ነው እንዴ የከሳሽው? "ወፍሬያለሁ" እያልሽ ስታሞኚኝ!»

ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች፤ ለካ ይዛ ነው የመጣችው። ነርሷ «ኧረ እማማ፣ ገና ነው!» ብትላት የሰማች አልመሰለችም። አንዴ ሳተች። ክሩን በምራቋ አሹላ ደገመች፤ ገባ።

ስንወጣ ዜሮ ሰከንድ ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው የሽልማት ፎቶው ፊት ቆሞ፣ በመስተዋቱ ከረባቱን ያስተካክላል። አላየንም።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አለችኝ አክስቴ።

«አለቃዬ።»

ከትከሻው እስከ ተረከዙ በዓይኗ ለካችው።

«ኮቱ ሰፍቶታል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ። «ያምጣውና አጠብብለታለሁ። ወረፋ ግን ይጠብቃል።»