የመጋቢት ክንድ

ሎሬታ ልጇን ለማየት ከኦክላሆማ አሪዞና ድረስ አሥራ አምስት ሰዓት ስትነዳ ያሰበችው ስለ ክርኑ ብቻ ነበር። ትሬንት የቤዝቦል ወርዋሪ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ክርኑ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። በታችኛው ሊግ ስምንት ዓመት ከተንከራተተ በኋላ፣ ዘንድሮ በዋናው ቡድን አንዲት ቦታ ቀርታ ከሌላ ወርዋሪ ጋር ይፎካከርባታል። ውሳኔው ዓርብ ነው።

ረቡዕ ጠዋት በልምምድ ሜዳው ሽቦ አጥር ውጪ ቆማ ስታይ፣ የትሬንት ኳስ እንደ ወትሮው አይፈጥንም።

"አንተ፣ ይቺን በፖስታ ነው እንዴ የላክሃት?" አለ ኳስ ተቀባዩ ዱዌን። "እስክትደርስ እኮ ጢሜ አደገ!"

"ተወው፣ ክንዱ ሞቶበት ነው" አሉ አሰልጣኙ እየሳቁ።

በየመጋቢቱ የወርዋሪ ክንድ ለሳምንት ያህል ይዝላል፤ ሞተ ይሉታል፣ ከዚያ ይመለሳል። ለዚህ ብሎ ወጌሻ ጋ የሚሄድ የለም። በተለይ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ወጌሻው አልጋ ላይ መታየት አይፈልግም።

ትሬንት ውሃ ይዞ ወደ አጥሩ መጣ። በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ነው።

"ክርንህስ?"

"ምንም አልሆነም፣ እማ። ሙቺ ስልሽ!"

ዓይኑን አየችው፤ እውነቱን ነው። እፎይ አለች። ወዲያው ጣቶቹን ሽቦው ላይ ሲያሳርፍ አየቻቸው፤ አብጠዋል፣ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል።

"እጅጌህን ሰብስብ።"

"እማ…"

"ሰብስብ አልኩህ!"

ክንዱ የሌላኛውን አንድ ተኩል ያህላል። ከትከሻው እስከ አንጓው በልዟል፤ ሥሮቹ እንደ ገመድ ተገትረዋል። ሎሬታ አፏን በእጇ ያዘች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከእሑድ። የመጋቢት ነገር ነው፣ ያልፋል። ለወጌሻው ትንፍሽ እንዳትዪ። እስከ ዓርብ ብቻ፣ በእግዜር!"

የተጫዋች እናት ከአጥር አታልፍም። ሎሬታም ልጇ ኳስ ከጨበጠ ጀምሮ አልፋ አታውቅም። አሁን ግን በሩን በርግዳ ሣሩ ላይ ሮጠች።

"ወጌሻ! ወጌሻው የታለ?"

"ኧረ እናትየው ራሳቸው ሊወረውሩ ነው!" ብሎ ጀመረ ዱዌን። ክንዱን ሲያይ ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ።

ወጌሻው ክንዱን ቀስ ብሎ ዳሰሰ። "ጣቶችህን ስነካቸው ይሰማሃል?"

"ብዙም አይሰማኝም።"

"አምቡላንስ ጥሩ! አንተ ተቀመጥ፣ እንዳትነቃነቅ።"

ወደ ሆስፒታል መንገዱን ሙሉ ትሬንት አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ "ቦታዬን አስነጠቅሽኝ።"

ሐኪሟ የምርመራ ምስሉን ይዛ ስትመጣ ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም።

"ከአንገት አጥንትህ ሥር ያለው የደም ሥር በረጋ ደም ተደፍኗል። የላይኛው የጎድን አጥንትህ ስለተጫነው አጥንቱ መውጣት ይኖርበታል። ከረጋው ደም ቁራጭ ደግሞ ሳንባህ ገብታለች። ትንሽ ናት፤ መድኃኒት ጀምረንልሃል። ስትወረውር ብትሰነብት ግን ትልቁ ተከትሏት ይገድልህ ነበር።"

ሎሬታ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ስንት ክፉ ነገር ስታስብ የኖረች ሴት፣ እንዲህ ያለ በሽታ መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር።

ሐኪሟ ከወጣች በኋላ ትሬንት ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። ስለ ዓርብ አላነሳም።

"እማ" አለ በመጨረሻ። "ትንፋሼ ደህና ነው? እስቲ አዳምጪልኝ።"

ተነሥታ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች።