ብርድ እንዳይገባ

የግቢው በር ጓ ብሎ እስኪዘጋ ጠበቁና አያትየዋ ወንበሩን እየጎተቱ ከልጃቸው አልጋ አጠገብ ግድግዳው ጥግ አደረሱት። ጉልበታቸውን እየረገሙ ወጡበት። ከብብታቸው ሥር አሮጌ ፎጣ መዘዙና ከጣሪያው ዝቅ ብሎ በተበሳው ክብ ቀዳዳ ውስጥ በአውራ ጣታቸው እየጠቀጠቁ ያስገቡት ጀመር። ቀዝቃዛው አየር ግንባራቸውን ሲነካቸው "አንተ ሌባ፣ ዛሬም ልትገባ ነው?" አሉትና የፎጣውን ጫፍ ጠቅ አደረጉት።

"እማ፣ ደግሞ ወንበር ላይ ወጣሽ?" አለች ልጃቸው ከአልጋዋ። አራስ ናት፤ ሕፃኗ ክንዷ ላይ ተኝታለች።

"አልወጣሁም።"

"ታዲያ ጣሪያው አጠገብ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየወረድኩ ነው።"

በዚህ ቀዳዳ ምክንያት በአያትየዋና በልጃቸው ባል መካከል ጦርነት ከተጀመረ ሰንብቷል፤ ግን አንድም ቃል ያልተተኮሰበት ጦርነት ነው። ጠዋት እሱ ወደ ሥራ ሲወጣ እሳቸው ይደፍኑታል። ማታ ሲመለስ በእጁ ላይ የደረቀውን ቀለም አስለቅቆ፣ "እንደምን ዋሉ እማማ" ብሎ፣ ቁመተ ረጅም ስለሆነ ወንበር እንኳን ሳያስፈልገው ፎጣውን ይስበውና በአራት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። እሳቸው አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። እሱም ምንም አይልም። በዚያ አስተጣጠፉ ሁሉንም የተናገረ መስሎታል፤ እሳቸው ግን ከአስተጣጠፉ የተረዱት ንጹሕ ሰው መሆኑን ብቻ ነው።

የብረት ምድጃው ቤቱ ውስጥ የተተከለው ልጃቸው ለመውለድ ሆስፒታል በገባች ጊዜ ነበር። ቆርቆሮ ሠሪው ከሥሩ ጡብ ደረደረ፣ ከጀርባው ግድግዳው እንዳይግል ብረት ለበጠ፣ ቧንቧውን በጣሪያው አሳልፎ ወደ ሰማይ አወጣው፤ መጨረሻ ላይም ያንን ቀዳዳ በሳና ለምን እንደሚያስፈልግ ለባልየው ነግሮት ሄደ። ባልየው ደግሞ ለሚስቱ አልነገራትም። ገና የወለደች ሴት በጭስና በመርዝ ወሬ ማስፈራራት ደስ አላለውም።

ለአያትየዋ ቀዳዳው ባለሙያው ሳይጨርሰው ጥሎት የሄደው ሥራ ነው። ያውም ቀለም ቀቢ ቤት! የሰው ቤት ግድግዳ ሲደፍንና ሲቀባ የሚውል ሰው የራሱን መርሳቱ እሳቸውን አሳፈራቸው። ግን አማች ነው። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ "እርስዎ" ነው የሚሉት፤ "እርስዎ" የተባለ ሰው ደግሞ "ግድግዳዎ ተበስቷል" ተብሎ አይነገረውም። እሱም አማቱን "ይተዉት" ማለት ከበደው። ሁለቱንም ይሉኝታ አፋቸውን ያዛቸው።

ከሰሞኑ ልጃቸውን ቀን ቀን ራሷን ያማታል፣ ያጥወለውላታልም። ማታ ባሏ ገብቶ ትንሽ ሲቆይ ይለቃታል። አያትየዋ ይህን ፍቅር ነው ብለው በልባቸው ይስቁ ነበር። የቀኑን ሕመም ግን ብርድ ነው አሉት። ብርድ ከሆነ መድኃኒቱ መድፈን ነው፤ ባመማት ቁጥር የበለጠ ደፈኑ። ዛሬ ደግሞ ውጪው የባሰ ነበርና ፎጣው አልበቃ አላቸው። የመስኮቱን ዳር ዳር በሰፊ ፕላስተር ለጠፉ። ከበሩ ሥር ብርድ ልብስ ጠቅልለው አስተኙ። ምድጃው ውስጥ ወፈር ያለ እንጨት ጨመሩና እጃቸውን አራግፈው ቤቱን በኩራት ቃኙት። ትንኝ እንኳን መግቢያ የላትም።

ረፋዱ ላይ እሳቱ አኮረፈ። ነበልባሉ ተኛና ፍሙ ብቻ ደብዝዞ ቀረ። አያትየዋ የምድጃውን በር ከፍተው እፍ ሲሉበት ጭሱ ወደ ቧንቧው መሄዱን ትቶ ወደ ፊታቸው መጣ።

"እርጥብ እንጨት ሸጠውልናል፣ ሌቦች!" አሉ እያሳሉ።

"እማ… መስኮቱን ትንሽ ክፈቺልኝ።"

"አራስ ሆነሽ? ብርድ እንዲመታሽ?"

"ራሴን በመዶሻ የሚመታኝ ነው የመሰለኝ።"

"እኔንም ይመታኛል። ብርዱ እኮ ነው። ትንሽ ተኚ፣ ሾርባ አሙቄልሽ ትነሻለሽ።"

ልጃቸው ዓይኗን ጨፈነች። አያትየዋ ሾርባውን ሊያሞቁ ከወንበሩ ሲነሱ ቤቱ ዞረባቸውና ተመልሰው ተቀመጡ። ሕፃኗ የጡት ሰዓቷ አልፎ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ይኼኔ ሠፈሩን ታስነሳለች። እንደምንም አልጋውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና ጉንጯን ነካ ነካ አደረጉ። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። እግሯን ከጥቅልሏ አውጥተው ውስጡን ኮረኮሩ፤ እግሯ እጃቸው ላይ ዝም አለ። ትተነፍሳለች፣ ግን አትነቃም።

"ሚጢጢ! የኔ እናት!" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺ፣ ተነሽ! ልጅሽ አልነቃ አለችኝ!"

"እህ…" ብቻ አለች ልጃቸው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ስልኩን አንሥተው ለአማቻቸው ደወሉ።

"አለህ? አንተ ልጅ፣ አለህ?"

ባልየው "አንተ" መባሉን እንደሰማ መሰላሉ ላይ እንዳለ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። "እማማ? ምን ሆናችሁ?"

"ሕፃኗ አትነቃም። እናቷም እንቅልፍ ጣላት። እኔም ቤቱ ይዞርብኛል።"

"ምድጃው እየነደደ ነው?"

"አዎ፣ እየነደደ ነው።"

"ቀዳዳውስ? ክፍት ነው አይደል?"

አያትየዋ "ክፍት ነው" ለማለት ተቃርበው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሰው እንዳያፍር፣ እሳቸውም እንዳያፍሩ የሚያደርገውን መልስ ሲመልሱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ያ መልስ አሁንም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል። የሕፃኗ እግር ግን እጃቸው ውስጥ ነው።

"ዘግቼዋለሁ" አሉ። "መስኮቱንም ዘግቼዋለሁ። በሩንም።"

"በሩን ይክፈቱ!"

"ብርዱስ? አራስ እኮ—"

"እማማ፣ ክፈቺው ብዬሻለሁ! ልጄን ይዘሽ ውጪ! ሁላችሁም ውጡ!"

በሕይወቱ ጮኾባቸው አያውቅም። አያትየዋ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ ለጠፉ፣ ከበሩ ሥር ያስተኙትን ብርድ ልብስ በእግራቸው ገፉና በሩን በረገዱት። ነፋሱ ፊታቸውን በጥፊ መታቸው። ሕፃኗን ግቢው ውስጥ ደረጃው ላይ በሻላቸው ጠቅልለው አስቀመጡና ተመልሰው ገቡ። ልጃቸውን በብብቷ ይዘው፣ "አንድ እግር፣ የኔ ልጅ፣ አንድ እግር ብቻ" እያሉ ጎተቷት። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ አያውቁትም። ደጃፉ ላይ ሁለቱም ከሕፃኗ አጠገብ ወደቁ።

ያ ሲፈሩት የከረሙት ብርድ የሕፃኗን ፊት ላሳት። አፍንጫዋን አኮማተረች። ከዚያ አፏን ከፈተችና ጮኸች። አያትየዋ እንዲህ ያለ የሚያምር ጩኸት ሰምተው አያውቁም፤ እሳቸውም አብረዋት ጮኹ።

ባልየው በአሠሪው መኪና፣ ከኋላው የቀለም ቆርቆሮ እያንቋቋ ደረሰ። ጤና ጣቢያ ወሰዳቸውና ለሦስቱም ኦክስጅን ተሰጣቸው። ሐኪሟ የሕፃኗን ደረት ደጋግማ ካዳመጠች በኋላ ደህና መሆኗን ነገረቻቸው።

"ከጭሱ ጋር የሚመጣው መርዝ አይታይም፣ ለብቻው ሽታም የለውም" አለች። "እንቅልፍ መስሎ ነው የሚወስደው። እንኳን ቶሎ ወጣችሁ።"

አያትየዋ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አዩት። በየጠዋቱ ወንበር ላይ ወጥቶ ፎጣ ሲጠቀጥቅ የከረመው አውራ ጣት ይኸው አብሯቸው አለ። አፈሩበት። ካፈሩበት በላይ ደግሞ ፈሩት።

ወደ ማምሻው ቤት ሲገቡ እሳቱ ጠፍቶ ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር። ባልየው መስኮቱን ከፋፍቶ፣ ቧንቧውን ፈትቶ በውስጡ ብርሃን አሳየና ጥላሸት እንዳልዘጋው አረጋገጠ። መልሶ ገጥሞት ዞር ሲል አያትየዋ ልብሳቸውን ቦርሳ ውስጥ ሲከቱ አያቸው።

"ምን እያደረጉ ነው እማማ?"

"ወደ ቤቴ ልሂድ።"

"ለምን?"

"ለምን ይላል እንዴ! ልጅህን ልጨርስልህ አልነበር? ከእንግዲህ በምን ፊቴ ነው እዚህ ቤት የማድረው?"

ባልየው መጣና ከቦርሳው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጉንጩ ላይ የሰው ቤት ቢጫ ቀለም እንደደረቀ ነው።

"ያን ፎጣ በየማታው አጠፍኩት" አለ። "አንድ ቀን 'እማማ፣ ይሄ ነገር ይገድለናል' ብል ምን ነበረበት? አማቴን ማረም አፈርኩ። በእኔ ይሉኝታ ልጄ ልትሞት ነበር።"

"እኔ ደግሞ ሥራ የማትጨርስ መስለኸኝ ነው። ሰነፍ ነው ብዬ በልቤ አምቼሃለሁ።"

"በልብዎ ብቻ?"

"ለእህቴም በስልክ ነግሬያታለሁ።"

ልጃቸው ከአልጋዋ ላይ ሳቀችና ራሷን ያዘች። "አታስቁኝ፣ ገና አልለቀቀኝም።"

"ደግሞ" አሉ አያትየዋ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ጠዋት 'አንቺ' ብለኸኝ አልነበረም እንዴ? አሁን 'እርስዎ'ን ከየት አመጣኸው?"

"ደንግጬ ነው እማማ፣ ይቅርታ—"

"ስትደነግጥ ነው የምትገባኝ። በዚያው ቀጥል።"

ቀጠለ። ምድጃው ጭሱን በቧንቧ ሲያወጣ በምትኩ ንጹሕ አየር ከሆነ ቦታ መግባት እንዳለበት ነገራቸው። "ቤቱን ሁሉ ስትደፍኚበት የሚስበው አየር ያጣል። ያኔ ጭሱ ወደ ላይ መሄዱን ይተውና ወደ እኛ ይመለሳል።"

"ታዲያ ቀዳዳውን ምን ብሎ ነው ከአራስ አልጋ በላይ የበሳው?"

"ቦታው ልክ አይደለም። ከምድጃው ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ መሆን ነበረበት። እሁድ እዚያ እበሳና ይሄኛውን እደፍነዋለሁ። ጭሱ ሲያፈተልክ የሚጮህ መሣሪያም ነገ ገዝቼ እመጣለሁ።"

"እስከ እሁድስ?"

ባልየው ወደ ቀዳዳው አንጋጠጠ። ልጃቸው "እኔ እሳት አልፈልግም፣ ተከናንበን እናድራለን" አለች፤ ነገር ግን የሕፃኗን ጣቶች በእስትንፋሷ ታሞቅ ነበር። ባልየው ሚስቱን አየ፣ ምድጃውን አየ። እሱም መፍራቱ ያስታውቅበታል።

አያትየዋ ተነሡ። ከመስኮቱ ዳር ፕላስተሩን ላጡና ጠቅልለው ጣሉት። ከዚያ የልጃቸውን አልጋ እግር ያዙ።

"በል ግፋ። ከምድጃው አታስጠጋው፣ ወደዚያኛው ግድግዳ።"

አልጋውን ገፉት። ከቀዳዳው ሥር ባዶ ቦታ ቀረ፤ አየሩ ቁልቁል ሲወርድ እግር ላይ ይሰማል። አያትየዋ የራሳቸውን ፍራሽ ከጥግ እየጎተቱ ወደዚያ አመጡት።

"እዚህ? እማማ፣ እዚህማ ብርድ ይመታሻል!"

"ይምታኝ። የሚገባውን አየር እኔ ካልጠበቅሁት ማን ይጠብቀው? ይልቅ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።"

ባልየው ጫፉን ያዘ። ፍራሹን ዘርግተው ሲጨርሱ ደረቁን እንጨት መርጦ ደረደረና ክብሪቱን ጫረ። እሳቱ መጀመሪያ አመነታ፣ ከዚያ ሽቅብ ተሳበና ነደደ። ሁሉም ጭሱ በቧንቧው መሄዱን አዩ። አያትየዋ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩና ትራሳቸውን በቀዳዳው በኩል አደረጉት።