የሰማያዊዋ ቺንጋ

በዚያ ቤት ማንም ሊናገረው የማይደፍር ነገር ሲመጣ ለትንሹ አማች ይሰጠዋል። ውሻው የሞተ ጊዜ ለልጆቹ ያረዳው እሱ ነው። ጎረቤቱ ጡሩንባ መማሩን እንዲተው የለመነውም እሱ። የሚስቱ እህቶች በዚህ ምክንያት "አምባሳደሩ" ይሉታል፤ መጀመሪያ ላይ ሙገሳ መስሎት ነበር።

የዚያ ቅዳሜ መልእክት ግን ከውሻውም ከጡሩንባውም የከፋ ነው፦ እማማ መኪና መንዳት ያቁሙ።

እማማ የሚስቱ እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል፤ ሴት ልጆቻቸውን ያሳደጉትም፣ ሰማያዊዋን አሮጌ መኪና ያመጧትም በዚያው በመርፌያቸው ነው። ዛሬም መጋረጃና የአልጋ ልብስ እየሰፉ ለደንበኞቻቸው ያደርሳሉ። ሰማያዊዋ ከሌለች ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ እማማን ቤት ውስጥ የሚችላቸው የለም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ያም ሆኖ ትልቋ ልጃቸው፣ "ጆሮዋ የሌለ ነገር መስማት ጀምሯል፤ ነገ ደግሞ ዓይኗ የሌለ መንገድ ቢያይስ?" ብላ ነገሩን ቋጨችው።

የሌለ ነገር ያለችው ጩኸቱን ነው። እማማ፣ "ሰማያዊዋ ጠዋት ስትነሳ ትጮሃለች" ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ይመጡና ኮፈኑን ከበው ያዳምጣሉ።

"ምንም አይሰማም፣ እማዬ።"

"ይሰማል።"

"አይሰማም!"

አምባሳደሩ ሰምቷል። እሱና ሚስቱ የሚኖሩት ከእማማ ጋር ነው፤ የሚስቱ ጆሮ ጠዋት ቶሎ ስለማይነቃ እንጂ ጩኸቱ ጅራቷን እንደረገጧት አይጥ ግቢውን ይሰነጥቀው ነበር። አንድ ቀን ብቻውን ሆኖ ኮፈኑን ሲከፍት፣ የሚጮኸው ሞተሩ ፊት ላይ የሚዞረው ጥቁር የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው ሆኖ አገኘው። ለቤቱ ሰላም ብሎ፣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ከወጥ ቤት ዘይት አምጥቶ ደህና አድርጎ ቀባው። ጩኸቱ ጸጥ አለ። በነጋታው ትልቋ እዚያው አድራ ኖሮ ጠዋት ሰማያዊዋን ራሷ አስነሳቻት።

"ይኸው! የታለ ጩኸቱ?"

አምባሳደሩ ጠብ ያበረደ መስሎት በአማቱ ላይ የሐሰት ማስረጃ ሠርቶ ቁጭ አለ። ይህን ለማንም ሳይናገር የእህትማማቾቹን መልእክት ለማድረስ ተቀበለ።

ቅዳሜ መጋረጃ አድርሰው ሲመለሱ መሪውን የያዘው እሱ ነበር። መንገዱ ከተማዋን ከላይ እያሳየ ወደ ታች ይጥመዘመዛል። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እማማ፣ ልጆቹ አንድ ነገር እንድ..."

ከኮፈኑ ሥር ጧ አለ። አንድ ነገር ጠፍ ጠፍ እያለ ብረት ገረፈ፤ ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ቦግ አለ።

"ቁም" አሉ እማማ። "ቺንጋው ነው።"

ኮፈኑን ከፈቱት። እማማ መነጽራቸውን አድርገው፣ የተበጠሰውን ቁራጭ እንደ ተበላሸ ዚፕ ቀስ አድርገው ጎትተው አወጡት። አገላበጡት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አምባሳደሩ ማዶ ያለውን ዛፍ ማድነቅ ጀመረ።

"ጥብስ ጥብስ ይላል" አሉ።

"ሞተሩ... ሞቆ ይሆናላ።"

"ይሆናል።" ቁራጩን በመሐረብ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"ትልቋን ልደውልላትና ትምጣ?"

"ትልቋ ከመጣች እኔ የምገባው ከኋላ ወንበር ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ከኋላ ነኝ። ለምን እንደተላክህ የማላውቅ መሰለህ? ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮህን ስትጠርግ እየሰማሁህ ነው። ይህንንም አልሰማችም በላቸው። በል ወዲያ በል፣ እኔ እነዳለሁ።"

ወዲያ አለ። ቁልፉን ሰጥቷቸው ከጎን ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያየውን አምባሳደሩ እስከ ዛሬ ሲያወራው እጁን እያወናጨፈ ነው። ውሃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረው፣ ባትሪውንም የሚሞላው ያ የተበጠሰው ቺንጋ ነበር። እሱ ከሌለ ሰማያዊዋ ትንፋሽ ይዞ እንደጠለቀ ዋናተኛ ናት፤ ትንፋሿ ሳያልቅ ብቅ ማድረግ ያስፈልጋል። እማማ ይህን ሳያስረዱ አደረጉት። ቁልቁለቱን ሞተሩን አጥፍተው ለቀቋት፤ ቁልፉን ግን ሙሉ በሙሉ አልመለሱትም፣ መሪው እንዳይቆለፍ። ፍሬኗ የሞተር እርዳታ የማይፈልግ የድሮ ፍሬን ነው፤ ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ ያደርጉታል፤ ሐር ሲሰፉ እግራቸው እንደዚያ ነው። ሜዳው ላይ አስነስተው በዝግታ ይሄዳሉ፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ ማለት ሲጀምር ጥላ ፈልገው ያጠፏታል። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ እንግዳ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

አንዱ ጥላ ሥር አምባሳደሩ ለመርዳት ብሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል እጁን መቱት።

"ፊትህን ቀቅዬ ለልጄ ልመልስላት?"

ሌላው ጥላ ሥር አንድ የጭነት መኪና ነጂ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ የተከፈተውን ኮፈን አይቶ፣ "እናት፣ ቺንጋ ከተበጠሰ በምትኩ ስቶኪንግ ጠምጥመው ይሰሩበት፣ ያደርስዎታል!" አላቸው።

"አንተ አውልቅና ስጠኝ!" አሉት። ሰውየው ከነሳቁ አለፈ።

መርፌው እስኪወርድ ሲጠብቁ፣ እማማ መንገዱን እያዩ፣ "እኔ ያረጀሁት ከቺንጋ ጋር ነው" አሉ። "የስፌት መኪናዬም አላት። ሲላላ ይጮሃል፤ አጥብቂኝ ማለቱ ነው። ዘይት ሲነካው ዝም ይላል። ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው፤ ጎማው ውስጥ ውስጡን ያልቃል።"

አምባሳደሩ ጆሮው ጋለ። ቀና ብሎ ሲያያቸው እሳቸው መርፌውን ነው የሚያዩት። ሌላ አልጨመሩም። መኪናዋን ከሚነዱበት ዘዴ ይልቅ ያን ጊዜ የገረመው ይህ ዝምታቸው ነበር። አንድ ቃል ቢናገሩ እሱ ዋጋ የለውም፤ እሳቸው ደግሞ ነፃ ናቸው። ቃሏን ግን እንደ ቁራጩ ጠቅልለው ይዘዋታል።

የቤቱ ዳገት ሥር ሲደርሱ መርፌው ወደ ቀዩ ተጠግቶ ነበር። አጥፍተው ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ከዚያ ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ውረድ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ትከብዳለህ።"

በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት እህትማማቾች መጀመሪያ ያዩት ሰማያዊዋን ነው፤ እናታቸው መሪዋን ይዘው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ቀጥሎ አምባሳደሩ ከኋላ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲሮጥ መጣ።

እማማ ግቢ አግብተው አጠፏት። ሞተሩ እንደሞቀ፣ ግን ሳይጎዳ ቆመ። ትልቋ ስለ ቺንጋው እንደሰማች ፊቷ ተለወጠ።

"መንገድ ላይ ቀርታችሁ ቢሆንስ? አበቃ! ቁልፉን አምጪ፣ እማዬ። አንተስ፣ ነገርካት?"

እማማ ቁልፉን ጨበጡ። ቦርሳቸው ክንዳቸው ላይ ነው፤ መሐረቡ ውስጡ ነው፤ እጃቸው ግን ወደዚያ አልሄደም። አምባሳደሩ ያን እጅ አየ። ጉሮሮውን ሳይጠርግ ተናገረ።

"ጩኸቱ ነበር። እኔም ሰምቼዋለሁ። የምግብ ዘይት ቀብቼ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ያስበጠስኩትም እኔ። እሳቸው የሌለ ነገር አልሰሙም።"

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች።

"ያ የጠፋው ዘይት!" አለች። "ድመቷን ስረግም ከረምኩ እኮ!"

ትልቋ የዘረጋችውን እጅ ምን እንደምታደርግበት ጠፋት። በመጨረሻ ፀጉሯን አስተካከለችበት።

በማግሥቱ ጠዋት አምባሳደሩ አዲስ ቺንጋ ገዝቶ መጣ። መዘውሮቹ ላይ የተረፈውን ዘይት በጨርቅ አጽድቶ ሲገጥመው፣ እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙታል፤ "ዲናሞውን ወደ ውጭ ግፋው፣ አሁን ብሎኑን አጥብቅ፣ በአውራ ጣትህ ተጫነው፣ አይደለም፣ ጠጅ አሳላፊ ይመስል በትንሽ ጣትህ አትንካው!" እህትማማቾቹ ተሰብስበው ያያሉ። ሲያልቅ እማማ ገብተው አስነሷት።

ሰማያዊዋ ተነሳች። ሁሉም አንገቱን ሰገግ አድርጎ አዳመጠ።

"ምን ይሰማችኋል?" አሉ በመስኮቱ።

ልጆቹ ተያዩ። ትልቋ ቀስ ብላ፣ "ምንም" አለች።

"እኔም ምንም አይሰማኝም" አሉ እማማ፤ የተሰፋው መጋረጃ ከኋላ እንደተጫነ ማርሽ አስገብተው ወጡ።