ሃምሳ ዘጠኝ ማይል ወደ ጊች

«ዓይኔ ነው ወይስ መሽቷል?» አሉ አቶ አለምነህ።

በደባርቅ የኮምፒውተር ማሠልጠኛው መስኮት የረፋዱ ፀሐይ ገብታለች። በበረራ ማለማመጃው ፕሮግራም ውስጥ ያለችው ትንሽ አውሮፕላን ግን ጎንደር አየር ማረፊያ ላይ በድቅድቅ ጨለማ ቆማለች። ልጃቸው ስጦታ ስሕተቷን ወዲያው አገኘችው። የመነሻ ሰዓት ሲጠይቃት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይታ ሦስት ብላ ሞልታለች። በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ገና ሌሊት ነው።

«ላስተካክለው፣ አባዬ።»

«ተይው! እኔ ጭጋግ ሲወርድብኝ ሰዓት ቀይሬ ነው በቅሎ የምነዳ?»

ቃላቸውን ሰጥተዋታል። ጊች፣ ተራራው ላይ ያለው ቤታቸው ድረስ ሳትጠፋ ካደረሰቻቸው ለአብራሪነት ፈተናው አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ከጠፋች ነገሩ እዚሁ ያበቃል።

አውሮፕላኗ ተነሣች። አቅጣጫ የምታሳየው ጂፒኤስ ካርታ የላትም፤ አረንጓዴ ቁጥሮች ብቻ። ስጦታ የጊችን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከደብተሯ እያየች አንድ በአንድ አስገባች። ሃምሳ ዘጠኝ ማይል። ቁጥሩ መቀነስ ጀመረ።

«የት ደረስን?»

«አሥራ አራት ማይል ቀረን። ደባርቅ ላይ ነን።»

«ከጠዋት ጀምሮስ የት ነበርን?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። «ይች ዕቃ ገደሉን ታውቀዋለች?»

«አታውቀውም። መንገዱን ብቻ ነው።»

አቶ አለምነህ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጡ። «እንግዲያ ወደ ላይ ውጪ እንጂ፣ ልጄ! ከፊታችን ዳገት ነው!»

«ወጥቻለሁ።» ደብተሯን አሳየቻቸው። የጊችን ከፍታ ጽፋ አምስት መቶ ሜትር ደምራበታለች።

ሦስት። ሁለት። አንድ። ዜሮ።

«ደርሰናል።»

«በምን ልወቅ?»

ስጦታ የፕሮግራሙን ሰዓት በፈረንጅ ወደ ጠዋት ዘጠኝ ለወጠችው። ኮምፒውተሩ በብርሃን ተሞላ። ቤትም ገብስም አይታይም፤ ቡናማና አረንጓዴ መሬት፣ ከዚያ ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል። አቶ አለምነህ ሳይታወቃቸው እግራቸውን ከወለሉ አነሡ።

«ያው፣ ጫፉ! በረታችን እዚህ ጋ ነው!» ጣታቸው የኮምፒውተሩን መስታወት ነካ። «ኧረ እናትሽ ቀና ብትል ታየናለች!»

ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ አቶ አለምነህ ባርኔጣቸውን አስተካክለው አረንጓዴዎቹን ቁጥሮች ትክ ብለው አዩ።

«በይ፣ ከዚህ አዲስ አበባ ስንት ይላል?»

ስጦታ የደብተሯን ገጽ ገለጠች። የአዲስ አበባው ኬክሮስና ኬንትሮስ ቀድሞ ተጽፎ ነበር።