ሰባት ቤት

መምህር ሰይፈሥላሴ ከመንዝ ወደ አርባ ምንጭ ተመድበው ሲመጡ ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡትም እዚሁ ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር ነው። የኖኅን ልጆች ትውልድ ከኦሪት ዘፍጥረት በቃላቸው ይወርዱታል። ሴም፣ ካም፣ ያፌት ብለው ሕዝቡን ሁሉ በየነገዱ ካዳረሱ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የራሳቸውን አባቶች ይቀጥሉበታል።

በ2003 ዓ.ም. ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የጨንቻው ሸማኔ አቶ ጋሻዬ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ፤ የመምህሩን ልጅ ብሩክታዊትን ለልጃቸው ለበርናባስ ሊጠይቁ።

"መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር" አሉ መምህሩ።

ደንብ ነው፤ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ አይሆንም። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ልጃቸውን ለአገራቸው ለመንዝ ሰው ለመዳር ሲመኙ ኖረዋል። እንቢ እንዳይሉ ደግሞ በርናባስ ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ ላይ ሙዝ የሚያለማ፣ ስም የማይወጣለት ጨዋ ነው።

አቶ ጋሻዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። "በርናባስ ጋሻዬ። ጋሻዬ ዳና። ዳና ማዳ። ማዳ ገብረ ማርያም..."

"ገብረ ማርያም?" አሉ መምህሩ ደንገጥ ብለው። የእሳቸውም ቅድመ አያት ገብረ ማርያም ነበሩ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ቄስ ገብረእግዚአብሔር ፊታቸው ጠቆረ። "በዚያ ዘመን ከመንዝ ወደ ጋሞ የወረደ ወታደር ብዙ ነው። አንድ ሰው ከሆኑ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ።"

እንቢ የሚሉበት ሰበብ በመምህሩ እጅ ገባ። መምህሩ ቀና ሲሉ ብሩክታዊት በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"የኔ ገብረ ማርያም ከመንዝ ወጥቶ አያውቅም!" ብለው ጮኹ። "ዘመቻ ሲጠራ እግሩ ተሰብሮ ቀረ! የእናንተ ማን ነው? ተናገሩ እንጂ አቶ ጋሻዬ!"

"የኛማ የጨንቻ ሰው ነው" አሉ አቶ ጋሻዬ ግራ ተጋብተው። "ሻንካ ነበር ስሙ። ሲጠመቅ ነው ገብረ ማርያም የተባለው።"

"ይኸው! ሻንካ ነው! ምን ዝምድና አለን?"

ቄሱ በሳቅ ፈረሱ። "መምህር፣ እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው ከኛ ወገን የሆኑት?"

መምህሩም ራሳቸውን ታዘቡና ሳቁ። ቆጠራው ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ሳይገኝበት ጠራ። እሳቸው ግን ሞቅ ብሏቸው ወደ ሴም ሊወጡ ሲሉ ቄሱ እጃቸውን ያዟቸው።

"ኖኅ ዘንድ ከደረስንማ ሁላችንም ዘመድ ነን፤ እኔም ከሚስቴ ልፋታ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ባዩሽ ከጓዳ ሆነው እልልታውን አቀለጡት፤ ብሩክታዊት ሮጣ የአባቷን ጉልበት ሳመች።

እህል ውሃው ቀርቦ ሁሉም ሲጫወት፣ መምህሩ ወንበራቸውን ወደ አቶ ጋሻዬ አስጠጉ።

"እስቲ የእናንተን አባቶች እንደገና ቁጠሩልኝ" አሉ። "ለልጅ ልጆቼ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ እንዳልሳሳት።"